መዝገብ ላይ ሰፈረ ማለት አይፈርስም ማለት አይደለም

አሜሪካ ገጠር ውስጥ መኪና ስትነዱ፣ በሩ አጠገብ የነሐስ ሰሌዳ የተለጠፈበት አሮጌ ቤት ማየት የተለመደ ነው። በብሔራዊ የታሪካዊ ቦታዎች መዝገብ ላይ የሰፈረ ነው ይላል። ይህን ያነበበ ሰው ሁሉ የሚያስበው አንድ ነገር ነው፤ በቃ፣ ይህን ቤት መንግሥት ይጠብቀዋል፣ ማንም አይነካውም። እኔ ግን ልንገራችሁ። ባለቤቱ ነገ ጠዋት ተነስቶ በራሱ ገንዘብ ዶዘር ተከራይቶ ቤቱን ድምጥማጡን ቢያጠፋው የፌደራል መንግሥት ምንም አይለውም። መዝገቡ አይከለክለውም። ሰሌዳውንም ቢሆን መንግሥት አይሰጥም፤ ፈላጊው በራሱ ኪስ አሠርቶ ነው የሚለጥፈው።

ታዲያ መዝገቡ ምን ይሠራል? ብዙ ነገር ይሠራል፣ ግን ሰው የሚጠብቀውን ነገር አይደለም። (ከዚህ በታች የምጽፈው ዓመት ሁሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው።)

ነገሩ የጀመረው በ1966 ነው። ፕሬዚዳንት ሊንደን ጆንሰን ኦክቶበር 15 ቀን የታሪካዊ ቅርስ ጥበቃ ሕጉን ፈረሙ። የጊዜውን ሁኔታ ካላወቅን ሕጉ ለምን እንዲህ እንደተጻፈ አይገባንም። በ1956 የተጀመረው የአውራ ጎዳና ግንባታ መንደር እየሰነጠቀ ይሄድ ነበር። ከተማ ማደስ በሚል ስም አሮጌ ሰፈሮች በጅምላ ይፈርሱ ነበር። በ1963 ደግሞ ኒው ዮርክ ላይ ፔን ስቴሽን የሚባለው ግዙፍ ባቡር ጣቢያ መፍረስ ሲጀምር አገር ደነገጠ። ጣቢያውን ያፈረሰው የግል ኩባንያ ነው፤ ጎዳናውና ከተማ ማደሱ ግን በአብዛኛው የመንግሥት ገንዘብ ነበር። ስለዚህ ሕጉ በዋናነት ልጓም ያደረገው ለግለሰብ ሳይሆን ለራሱ ለመንግሥት ነው። ይህን ከያዛችሁ የቀረው ሁሉ ይገባችኋል።

መዝገቡን የሚይዘው ናሽናል ፓርክ ሰርቪስ የሚባለው የፌደራል መሥሪያ ቤት ነው። ዛሬ ከ95 ሺህ በላይ ስም አለበት፤ አንዱ ስም አንዳንዴ አንድ ቤት ብቻ ነው፣ አንዳንዴ ደግሞ ሙሉ ሰፈር ነው። አገሪቱ ከ3 ሺህ በላይ ካውንቲዎች፣ ማለትም በክፍለ ግዛት ሥር ያሉ የአስተዳደር አካባቢዎች፣ አሏት፣ አንድም የተመዘገበ ነገር የሌለው ካውንቲ ለማግኘት ግን መፈለግ ይጠይቃል። እውነቴን ነው የምላችሁ፣ እኔ የገጠር ካውንቲ ዝርዝር ማንበብ እወዳለሁ። የከተማው ዝርዝር አርክቴክት በአርክቴክት ነው፣ ያሰለቻል። የገጠሩ ግን የሰው ኑሮ ነው። አደባባዩ መሀል የቆመው የካውንቲው ፍርድ ቤት፣ ማዕዘን ላይ ያለው የጡብ ባንክ፣ ባቡር ማቆም ካቆመ ዘመን የሆነው ጣቢያ፣ አንድ ክፍል ብቻ ያላት ትምህርት ቤት፣ የብረት ድልድይ፣ ከነጎተራውና ከነከብት ቤቱ የተመዘገበ እርሻ፣ አውሮፓውያን ከመምጣታቸው ብዙ መቶ ዓመት በፊት ነባሮቹ ሕዝቦች የሠሩት የአፈር ጉብታ።

ለመግባት መስፈርቱ አራት ነው። ትልቅ ታሪካዊ ክስተት፣ ስመ ጥር ሰው፣ የአሠራር ጥበብ፣ አለዚያም ከመሬቱ ሥር ገና የሚገኝ ዕውቀት። ከነዚህ አንዱ ይበቃል። በዚያ ላይ ባጠቃላይ ሃምሳ ዓመት መሙላት አለበት። ሃምሳ ዓመት ሲባል ሰው የፈረስ ጋሪ ዘመን ይመስለዋል፤ ኧረ በ1970 የተሠራ የመንገድ ዳር ሞቴልም ዛሬ ዕድሜው ደርሷል! አብያተ ክርስቲያናት፣ መካነ መቃብርና ከቦታው ተነስቶ ሌላ ቦታ የተተከለ ቤት ግን ተጨማሪ ማስረጃ ካልቀረበላቸው አይገቡም። ገጠር ላይ ይሄ ከባድ ነው፤ ሰው ከልቡ የሚወደው ቤተ ክርስቲያኑንና የአያቶቹን መቃብር ነውና።

ብዙዎች የሚወድቁት ግን በዕድሜም በታሪክም አይደለም። ቤቱ ድሮ የነበረውን መልክ ይዟል ወይ የሚለው ጥያቄ ላይ ነው። ቦታው፣ ንድፉ፣ አካባቢው፣ የተሠራበት ዕቃ፣ የእጅ ሥራው፣ ሲያዩት የሚፈጥረው ስሜት፣ ከታሪኩ ጋር ያለው ትስስር፤ እነዚህ ሁሉ ይታያሉ። አንድ የ1890ዎቹ የእርሻ ቤት አስቡ። ባለቤቱ ቀለም መቀባት ሰልችቶት እንጨቱን በፕላስቲክ ልባስ ሸፈነው። መስኮቱ ንፋስ አስገባ ብሎ አውጥቶ የፕላስቲክ መስኮት አስገባ። በረንዳውን ዘጋና ክፍል አደረገው። እሱ ቤቱን አሳመርኩ ነው የሚለው፣ ማን ይፈርድበታል። ገምጋሚው ግን አያልፈውም። የሚያናድደው ያ የድሮ መስኮት ነው፤ እንጨቱ ከጥንት ደን የተቆረጠ፣ ቀስ ብሎ ያደገ፣ ድርቅ ያለ እንጨት ነው። መስኮቱን ከፍ ዝቅ የሚያደርገው ገመድ ቢበጠስ ይቀየራል፣ መስታወቱ ቢሰበር ይተካል፣ አናጺ የሚፈታውና የሚገጥመው ነገር ነው። ፕላስቲኩ ሲበላሽ ግን ይጣላል እንጂ አይጠገንም።

ቅጹን ማንም ሰው መሙላት ይችላል። ጡረታ የወጣች አስተማሪ፣ ተማሪ፣ የሰፈር ታሪክ ማኅበር፣ ማንም። መጀመሪያ ወደ ክፍለ ግዛቱ የቅርስ ጥበቃ ቢሮ ይሄዳል፣ እዚያ የባለሙያዎች ቦርድ ያየዋል፣ ከዚያ ወደ ዋሽንግተን ያልፋል፣ እዚያም መልስ ለመስጠት 45 ቀን አላቸው። የግል ባለቤት ካልፈለገ ደግሞ በሰነድ አረጋጋጭ ፊት አልፈልግም ብሎ ከፈረመ ነገሩ እዚያው ይቆማል። እና ብዙ የገጠር ሰው አይፈልግም! መንግሥት እርሻዬ ውስጥ እግሩን ሊያስገባ ነው የሚል ፍርሃት አለ። ፍርሃቱ ከየት እንደመጣ ይገባኛል፣ ግን መሠረት የለውም። ቤትህን ሮዝ ብትቀባው የፌደራሉ መዝገብ አያገባውም። ለጎብኚ ክፈት አትባልም። መሸጥ ትችላለህ። እንዳልኳችሁ፣ ማፍረስም ትችላለህ። የሚያስቀው ነገር፣ ተቆርቋሪውም ፈሪውም በአንድ ነገር ይስማማሉ፤ ሁለቱም መዝገቡ የሌለው ጥርስ አለው ብለው ያምናሉ።

ጥርስ ማለት ከተቻለ፣ በዚያው በቅርስ ጥበቃ ሕጉ ውስጥ አንቀጽ 106 የሚባለው አለ። የፌደራል ገንዘብ፣ ፈቃድ ወይም ላይሰንስ ያለበት ማንኛውም ሥራ ከመጀመሩ በፊት የታሪክ ቦታ ይጎዳ እንደሆነ መታየት አለበት። መንገድ ማስፋት፣ ግድብ፣ የሞባይል ማማ፣ የውኃ መስመር፣ ይህ ሁሉ እዚህ ውስጥ ይገባል። ቦታው ገና ያልተመዘገበ ቢሆንም እንኳ ለመመዝገብ ብቁ ከሆነ አንቀጹ ይሠራል፤ ባለቤቱ አልፈልግም ብሎ የፈረመበትም ቢሆን። ጥሩ አይደል? ግን አንቀጹ የሚለው እዩ፣ አማክሩ፣ አስቡበት ነው። አታፍርሱ አይልም። ብዙ ጊዜ መጨረሻው ስምምነት ይፈረማል፣ ድልድዩ ፎቶ ይነሳል፣ ይለካል፣ ንድፉ ይሳላል፣ ከዚያ ይፈርሳል። ሰነዱ ግን ያምራል። ይህን የመለካትና የመሳል ሥራ የጀመሩት በ1933 ነው፣ በዚያ የኢኮኖሚ ቀውስ ዘመን ሥራ ያጡ አርክቴክቶችን ቀጥረው፤ ስብስቡ ዛሬ የኮንግረስ ቤተ መጻሕፍት ውስጥ አለ። ለአንባቢ ሀብት ነው፣ ለቤቱ ግን የሙት ፎቶ ነው።

ከዚህ ጠንከር የሚለው የትራንስፖርት መሥሪያ ቤት ሕግ ነው፣ እሱም በዚያው ቀን፣ ኦክቶበር 15 ቀን 1966 የተፈረመ። የፌደራል የመንገድ ገንዘብ በታሪካዊ ቦታ ላይ ማለፍ የሚችለው ሌላ አዋጭ አማራጭ ሲጠፋ ብቻ ነው ይላል። ገጠር ላይ ያሉ አንዳንድ ድልድዮች እስካሁን የቆሙት በዚህ ነው፤ መሐንዲሱ አዲሱን ድልድይ ጎን ላይ እንዲሠራ ተገዶ።

ድልድይ ካነሳን አይቀር አይዋ ክፍለ ግዛት ወደ ማዲሰን ካውንቲ ልውሰዳችሁ። እዚያ ጣሪያና ግድግዳ ያላቸው የእንጨት ድልድዮች አሉ። ድሮ 19 ነበሩ፣ ዛሬ 6 ናቸው። ድልድይ ለምን ጣሪያ ይሠራለታል? ለውበት አይደለም፣ ለዝናብ የሸሸ መንገደኛም አይደለም። ነገሩ የገንዘብ ነው። ከሥር ያለው ትልቁ የወለል እንጨት ውድ ነው፤ ዝናብና በረዶ ከመታው ይበሰብሳል። የጎኑና የጣሪያው ሳንቃ ግን ርካሽ ነው። ስለዚህ ካውንቲው ርካሹ በስብሶ ውዱ ይትረፍ ብሎ አለበሳቸው። ሳንቃው ሲያረጅ ይነቀላል፣ አዲስ ይመታል፣ ዋናው አካል ደርቆ ይኖራል። ይህን የወሰኑት የ19ኛው ክፍለ ዘመን የካውንቲ ሹማምንት ስለ ቅርስ አንድ ቃል አልተነፈሱም፣ የግብር ከፋዩን ገንዘብ ነው ያሰቡት። ድልድዮቹን ግን ከማንም በላይ የጠበቋቸው እነሱ ናቸው።

በ1976 መዝገቡ ውስጥ ገቡ። እና ምን ሆነ? በ1983 ማክብራይድ የሚባለውን ድልድይ ሰው አቃጠለው። በ2002 ደግሞ ሴዳር ድልድይ በእሳት ጠፋ፣ ይህም የሰው እጅ ነበረበት። ሕዝቡ ገንዘብ አዋጥቶ በድሮው ንድፍ መልሶ ሠራው፣ 2004 ላይ ተከፈተ። በ2017 ደግሞ እንደገና አቃጠሉት! በ2019 እንደገና ተሠራ። እንጨት ላይ ክብሪት የጫረን ልጅ የትኛው መዝገብ ያስቆመዋል? ደግነቱ ልኩና ንድፉ ነበረ፤ ያንን የወረቀት ሥራ ቅድም ብተቸውም እዚህ ላይ ጠቅሟል። ዋናው ግን ካውንቲው ድልድዮቹን እንደ ራሱ መለያ ስለሚቆጥራቸው፣ ጎብኚም ስለሚመጣላቸው፣ ሲቃጠሉ የሚደነግጥና ኪሱን የሚፈታ ሰው አለ። ሰው የሌለው ድልድይ ቢቃጠል አመድ ሆኖ ይቀር ነበር።

እኔን ከሁሉ በላይ የሚነካኝ ግን ድልድዩም ፍርድ ቤቱም አይደለም። የሮዘንዋልድ ትምህርት ቤቶች ናቸው።

ታሪኩ እንዲህ ነው። በደቡቡ ክፍል የጥቁር ልጆች ትምህርት ቤት የሚባለው፣ ካለም፣ ጎጆ ነበር። የታስኪጊ ትምህርት ቤት መሪ የነበረው ጥቁር አሜሪካዊ ቡከር ቲ. ዋሽንግተንና ሲርስ የተባለው ትልቅ የንግድ ኩባንያ ኃላፊ የነበረው ጁልየስ ሮዘንዋልድ ተነጋገሩና ከ1912 ጀምሮ አላባማ ውስጥ ጥቂት ትምህርት ቤቶች ተሠሩ። ከዚያ ነገሩ ተስፋፋ። እስከ 1932 ድረስ በ15 ክፍለ ግዛቶች ወደ 5 ሺህ የሚጠጉ ትምህርት ቤቶች ቆሙ። ሮዘንዋልድ ግን ዝም ብሎ አልሰጠም፤ እናንተም አዋጡ፣ የአካባቢው መንግሥትም ያዋጣ አለ። እና የጥቁር ገበሬዎች፣ አብዛኞቹ የሰው መሬት የሚያርሱ፣ ሳንቲም ለሳንቲም አዋጥተው፣ መሬት ሰጥተው፣ እንጨት ፈልጠው፣ በጉልበታቸው ሠርተው ከፈንዱ የበለጠ ሰጡ። 4.7 ሚሊዮን ዶላር ያህል፣ የሮዘንዋልድ ፈንድ ደግሞ 4.3 ሚሊዮን ያህል። በዚያ ላይ ግብራቸውን ከፍለዋል፤ ያ ግብር በአብዛኛው ለነጮቹ ትምህርት ቤት ነበር የሚሄደው። ለአንድ ትምህርት ቤት ሁለት ጊዜ ከፈሉ ማለት ነው።

ሕንፃውን በፎቶም ቢሆን ካያችሁ መስኮቱን ልብ በሉ። ረጃጅም መስኮቶች፣ አንድ ላይ የተደረደሩ፣ ከወለሉ ትንሽ ከፍ ብለው ጣሪያው ሥር የሚደርሱ። መብራት አልነበረማ! ንድፉ የተዘጋጀው ብርሃን ከምሥራቅ ወይም ከምዕራብ እንዲገባ ነው፤ እንዲያውም ቦታው ጠባብ ከሆነ ሕንፃው እንዴት ይዙር የሚለው ሁሉ ተጽፎ ነበር። መዝገብ ላይ ለመግባት ከሚያግዙት ነገሮች አንዱ ይኸው መስኮት ነው፤ ብዙዎቹ ላይ ግን ተነቅሎ ወይም በሳንቃ ተመቶ ነው የሚገኘው።

በ1954 ከፍተኛው ፍርድ ቤት በዘር የተለየ ትምህርት ቤት ሕገ ወጥ ነው ብሎ ሲወስን፣ ትልቅ ድል ነበር። ነገር ግን ልጆቹ ቀስ በቀስ ወደ ሌላ ትምህርት ቤት ሲዛወሩ እነዚህ ሕንፃዎች ተዘጉ። ጎተራ ሆኑ፣ ተሸጡ፣ ወደቁ። ዛሬ የቀሩት ከአስር አንድ ያህል ናቸው። በ2002 የቅርስ ጥበቃ ብሔራዊ ትረስት የሚባለው መንግሥታዊ ያልሆነ ድርጅት ሊጠፉ ነው ካላቸው 11 ቦታዎች ውስጥ አስገባቸው፤ ከዚያ በኋላ ብዙዎቹ ተመዘገቡ፣ ገንዘብም ተገኘ። አሁን ልብ በሉ፣ እስከ 2002 ድረስ የቆሙት እንዴት ቆሙ? ብዙ ጊዜ ጎረቤት ያለችው ቤተ ክርስቲያን ገዝታቸው መሰብሰቢያ ስላደረገቻቸው፣ ወይ የቀድሞ ተማሪዎች በየዓመቱ ተገናኝተው ምሳ ስለሚበሉባቸው ነው። ጣሪያ ሲያፈስ የሚያይ ሰው ነበረ። ሌላ ምስጢር የለውም።

ፍርድ ቤቶቹም ያው ናቸው። ቴክሳስ 254 ካውንቲ አላት፣ የብዙዎቹ ፍርድ ቤት በአደባባዩ መሀል ቤተ መንግሥት መስሎ የቆመ ነው። በ1993 የፈረንጆች አዲስ ዓመት ዕለት የሂል ካውንቲ ፍርድ ቤት ተቃጠለ። ዘፋኙ ዊሊ ኔልሰን የዚያው አካባቢ ልጅ ስለሆነ ገንዘብ ለማሰባሰብ ዘፈነ፣ ሕንፃውም በ1999 ታድሶ ተከፈተ። በዚያው ዓመት ክፍለ ግዛቷ ለፍርድ ቤቶች እድሳት የራሷን ፕሮግራም ጀመረች። ይሄ ነው ለውጥ ያመጣው፤ ለካውንቲ ገንዘብ ተሰጠ፣ ኤሌክትሪኩ ተቀየረ፣ ዳኛውም ጸሐፊውም ተመልሰው እዚያው ገቡ። በ2021 የሜሰን ካውንቲውን ፍርድ ቤት ሰው አቃጠለው፤ እንደ ዕድል ለእድሳት ተብሎ መዛግብቱ ወጥተው ነበር። ግድግዳው ቀረ፣ መልሰው ሠሩት።

ገንዘብ ላይ ደግሞ አንድ ቅሬታ አለኝ። የተመዘገበ ሕንፃ ያለው ሰው በደንቡ መሠረት ካደሰው፣ ካወጣው ወጪ 20 በመቶው ከሚከፍለው የፌደራል ግብር ላይ ይቀነስለታል። ግን ሕንፃው ገቢ የሚያስገባ መሆን አለበት። ሱቅ፣ ቢሮ፣ የሚከራይ አፓርታማ። የምትኖርበት ቤት አይቆጠርም። ከተማ ላይ ይህ ማበረታቻ አሮጌ ፋብሪካን ወደ አፓርታማ ይለውጣል፣ ባለሀብት ይሰለፋል። ገጠር ላይ ግን ያን የጡብ ባንክ አድሰህ ለማን ታከራየዋለህ? ኪራዩ ወጪውን አይመልስም። ለጠበቃና ለሒሳብ ባለሙያ የሚከፈለው ደግሞ ለትንሹም ለትልቁም ሥራ ያው ሊሆን ምንም አይቀረውም። ማበረታቻው በወረቀት ላይ ለሁሉም እኩል ነው፣ ሲመነዘር ግን ወደ ከተማ ያደላል።

እና ማፍረስን በትክክል የሚከለክለው ማነው? የአካባቢ ደንብ። በ1931 የሳውዝ ካሮላይናዋ ከተማ ቻርልስተን የመጀመሪያውን የታሪካዊ ሰፈር ደንብ አወጣች፤ በ1978 ደግሞ ከፍተኛው ፍርድ ቤት በኒው ዮርኩ ግራንድ ሴንትራል ባቡር ጣቢያ ጉዳይ እንዲህ ያለው ደንብ ሕጋዊ ነው አለ። የከተማ ኮሚሽን ካልፈቀደ አታፈርስም፣ ፊት ለፊቱን አትለውጥም። ብዙ የገጠር ካውንቲ ግን እንዲህ ያለ ደንብ የለውም፣ አንዳንዱ ማውጣትም አይችልም፤ ቴክሳስ ውስጥ ካውንቲዎች ባጠቃላይ የመሬት አጠቃቀም ደንብ የማውጣት ሥልጣን አልተሰጣቸውም። እንግዲህ ገጠር ላይ ብዙው ሰሌዳ የተለጠፈው እንዲህ ያለ ደንብ በሌለበት ነው።

ዝርዝሩን ስታነቡ አንዳንድ ቦታ ላይ አድራሻ ተከልክሏል የሚል ታያላችሁ። ብዙ ጊዜ የመቃብር ጉብታ ወይም የጥንት መንደር ነው፤ ቆፋሪ ሌባ እንዳይሄድበት ሕጉ ራሱ ቦታውን መደበቅ ይፈቅዳል። እባካችሁ በሳተላይት ካርታ እየፈለጋችሁ አትለጥፉት። አድራሻው የተጻፈውም ቢሆን የሰው መኖሪያ ነው፣ መመዝገቡ ግባ ማለት አይደለም፤ ከመንገዱ ሆናችሁ ፎቶ አንሱ።

ገጠር ቤት ለመግዛት የምታስቡ ካላችሁ ደግሞ፣ ሰሌዳውን አይታችሁ አትፍሩም አትመኑም። ሦስት መዝገብ አለ፤ የፌደራሉ፣ የክፍለ ግዛቱና የከተማው። የሚይዛችሁ በአብዛኛው የከተማው ነው። ከዚያ የይዞታ ሰነዱን አስመርምሩ። የቀድሞ ባለቤት ለአንድ የቅርስ ድርጅት የጥበቃ መብት ሰጥቶ ካውንቲው ጋር አስመዝግቦ ሊሆን ይችላል። ያ ወረቀት ከቤቱ ጋር ይሸጣል፣ ብዙውን ጊዜም ጊዜ የለውም። ፊት ለፊቱን ለመቀየር ያንን ድርጅት ማስፈቀድ አለባችሁ፣ ድርጅቱም በየጊዜው እየመጣ ያያል። በር ላይ ምንም ሰሌዳ የሌለው ቤትም ይህ ወረቀት ሊኖርበት ይችላል።